ለሲኞር ኤቶሬ ጆሮ የሚስማማ ማዳመጫ

ሮማ፣ ግንቦት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ ረዳ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ የሻረግስ እንደምን አሉ? የደሴ ብርድ አልጠናባችሁም? እኔ አምላክ ጠብቆኝ፣ የእናንተም ጸሎት ተጨምሮበት በጤናዬ አለሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ቆይቼ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልዎ እጄ እያፈረ ነው። ለእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት፤ ለእኔ ግን አሰብ ቤትዎ አስቀምጠው አራት ዓመት ያስተማሩኝ አባቴ ነዎት። ምክንያት ብደረድር ውሸት ይሆንብኛል። ይቅር ይበሉኝ ብቻ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ እርዳታ ፈልጌ ነው። ገንዘብም ዕቃም አይደለም፤ የሚያውቁትን እንዲነግሩኝ ነው።

አሁን የምሠራው ሳን ሎሬንዞ በሚባል ሰፈር ሲኞር ኤቶሬ ለሚባሉ ሽማግሌ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የባቡር ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሆነ። አንዲቷ ልጃቸው ሲኞራ ፓኦላ ፊሬንዜ የሚባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እኔ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፤ የማድረውም እዚያው ነው። ሰውየው ራዲዮአማቶሬ ናቸው። እዚህ እንዲህ የሚሏቸው ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው በገዛ ቤታቸው ሬድዮ የሚያስተላልፉና የሚቀበሉ ሰዎችን ነው፤ ለደመወዝ ሳይሆን ስለሚወዱት። ጣሪያው ላይ ሽቦ ዘርግተው ከፖርቱጋል፣ ከፊንላንድ፣ ከጃፓን ሰው ጋር በሞርስ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ከክፍላቸው ያ ቲ-ቲ-ታ የሚለው ድምፅ ሲወጣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቆሜ አለቀስኩ። እርስዎ የመርከብ ሬድዮ ጣቢያው ውስጥ ሆነው ምሳ ሳመጣልዎ የምሰማው ድምፅ ነዋ!

የሩቁ ጣቢያ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ያለ ማዳመጫ አይሠሩም። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ይቀመጣሉ። ታዲያ ኩፊያው፣ ማዳመጫውን እዚህ ኩፊያ ነው የምንለው፣ ጆሯቸውን በላው። ከጆሯቸው ጀርባ ቆዳው ተሰንጥቆ ደማ። ሐኪሙ እስኪድን ይተዉት አሉ። ሲኞራ ፓኦላ ደግሞ «ባስታ፣ በቃ! ሬድዮው ይሸጥ፣ አባዬም ሽማግሌዎች ወደሚጦሩበት ቤት ይግባ» ትላለች። ካቆሙ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ምሳ አቅርቤላቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ትናንት ጢማቸውን ስላጫቸው «ውባ፣ የምትላጪው እኮ የሞተ ሰው ነው» አሉኝ።

እርስዎ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እየተፈራረቁ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ ጆሮዎ እንዴት ቻለው? ምን ዓይነት ኩፊያ ልግዛላቸው? እባክዎ ይንገሩኝ።

ጤናና ሰላም ከእናንተ ደጅ አይራቅ።

ልጅዎ ውባንቺ


ደሴ፣ ሰኔ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በሰው አገር የጠበቀሽን አምላክ አመሰግናለሁ። እኔና የሻረግ ደህና ነን። ፖስታውን ከፖስታ ቤት ያመጣችው እሷ ናት፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ስሜዋለሁ ብላኛለች። ስለ ሦስቱ ዓመት ሁለተኛ እንዳታነሺ። ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ የት ነበርክ አይባልም።

ልጄ፣ ከአሰብ ከወጣን ስድስት ዓመታችን ነው። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ደሴ ባሕር የለ፣ መርከብ የለ። ጎረቤት «ሥራዎ ምን ነበር?» ሲለኝ «ወደብ» እላለሁ፤ ሸቀጥ አውራጅ የነበርኩ ይመስላቸዋል። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳላውቀው ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀምጬ ነበር። ስለጠየቅሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ማንኛውም ማዳመጫ ለአምስት ደቂቃ ይመቻል፤ ክፋቱ የሚታወቀው በሁለተኛው ሰዓት ነው። ስለዚህ ብቻሽን ሄደሽ እንዳትገዢ። እሳቸውን ይዘሽ ሂጂ፤ ሱቁ ውስጥ አድርገውት ይቀመጡ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይነሡ። ክብደቱን በእጅሽ መዝኚው። ከባድ ማዳመጫ አንገት ይይዛል፤ ከአንገት ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ በአራተኛው ሰዓት ሰውየው የሚያመው ጆሮው ይሁን ጀርባው አይለይም። በአናት ላይ የሚያልፈው ቅስት ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ዘርግተሽ ስትለቂው እንደ ወጥመድ ጥርቅም የሚል ከሆነ መልሺው። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትራስ ጆሮውን መጨፍለቅ የለበትም፤ ጆሮውን ውስጡ አስገብቶ ዙሪያውን ነው ማረፍ ያለበት። ቁስሉ ከጆሯቸው ጀርባ ነው ካልሽ የነበራቸው የሚጨፈልቀው ዓይነት ነው። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራውን፣ የሚያጓራውን ተዪው፤ ለሞርስ ከበሮ ምን ይሠራል? ሽቦውም በግራ በኩል የሚወርድ ይሁን፤ ቀኝ እጃቸው የሞርሱን መምቻ ሲመታ እንዳይጠላለፍባቸው።

እኛ አሰብ የነበረን የቆዳ ትራስ ያለው፣ ዙሪያውን ድፍን አድርጎ የሚዘጋ ነበር። የውጭ ድምፅ ጠብ አያደርግም። እንደዚያ ያለውን ፈልጊላቸው፤ ከዚያ የተሻለ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሲኞር ኤቶሬን ከአንድ የድሮ ኦፕሬተር ሰላም በያቸው። የሻረግ ትስምሻለች። አምላክ እጅሽን ይባርክ፣ የምታጥቢውን የምታበስዪውን ሁሉ።

አጎትሽ ረዳ


ሮማ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ረዳ፣

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ በሙቀት ልናልቅ ነው።

ደብዳቤዎን ለሲኞር ኤቶሬ ወደ ጣልያንኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «እንደገና» አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ።

የሄድነው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሐሙስ እረፍቴ ነው። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ሰመረት የምትባል የአሥመራ ልጅ አለች፤ ስልክ የሚያስደውል ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ጣልያንኛዋ ከእኔ ይሻላልና ይዣት ሄድኩ። የማዳመጫው ሱቅ ሻጭ ወጣት ነው። ሲኞር ኤቶሬ እርስዎ እንዳሉት አድርገውት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ ጋዜጣቸውንም ገለጡ። ሩብ ሰዓት ሲሆን ልጁ አላስቻለውም።

«ሲኞሬ፣ ይገዙታል ወይስ እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

አልሰሙትም። ሰመረት ናት የመለሰችለት። «ተወው፣ ሐኪም ነው ያዘዘላቸው» አለችው።

«የቱ ሐኪም?»

«የደሴው!» አለችና እኔም እሷም ሳቅ ገደለን።

ቆዳ ትራስ ያለውን፣ ድፍን የሆነውን ገዛን። ደህና ነው። ቁስሉም ሽሯል። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንዎታለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩ፤ አይቀየሙኝ። ለእትዬ የሻረግ ሰላምታዬ ይድረስ።

ልጅዎ ውባንቺ


ደሴ፣ መስከረም 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። አዲሱ ዓመት የተኛሽበትንም የቆምሽበትንም ሰላም ያድርግልሽ። መልሴ የዘገየው ነሐሴን ትንሽ አሞኝ ስለነበር ነው፤ የሚያሰጋ አይደለም።

የሱቁን ነገር ለየሻረግ አንብቤላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የደሴው ሐኪም» ነው አሁን የምትለኝ። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ሱቁ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስለ ማዳመጫው «ደህና ነው» ብቻ አልሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው የሚልከውን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀረውንም ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ደህና አይደለም፤ አይደል እንዴ?

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። እኛ አሰብ ስንሠራ ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ጀርባ ያጓራል፣ አየር ማራገቢያው ይንኳኳል፣ ውጭ ክሬኑ አለ። ድፍን ማዳመጫ ያስፈለገን ለዚያ ነው። ሲኞር ኤቶሬ የሚቀመጡት ጸጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ነው። ድፍኑ ላብ እንጂ ምን ይጨምርላቸዋል? በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢደወል፣ አንቺም ብትጣሪ በምን ይሰማሉ? እኔ ጣቢያዬን እያሰብኩ ነው የመከርኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ እኔን እንዳታሳፍሪ ብለሽ ዝም ብለሻል።

ስለዚህ ሱቁ የሚለውጥላችሁ ከሆነ ጀርባው ወንፊት የመሰለውን፣ አየር የሚያስገባውን ቀላሉን ውሰዱ። ትራሱ ቆዳ ሳይሆን ጨርቅ ይሁን። ጨርቅ ከሌለው ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ ክብ ክብ አድርገሽ ሁለት ሁለት ሽፋን ስፊለት፤ አንዱን እያጠብሽ አንዱን ታለብሺዋለሽ። ቅስቱ ከጠበቀ ከራሳቸው ሰፋ ያለ የመጻሕፍት ቁልል ላይ አልብሰሽ ሁለት ቀን ተዪው፣ ይላላል። መነጽር ያደርጋሉ እንዴ? ሳልጠይቅሽ ቀርቼ ነው እንጂ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመነጽሩ ዘንግ በጆሮና በትራሱ መካከል እየተጨነቀ የሚቆርጣቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ዘንገ ቀጭን መነጽር ያሠሩ።

ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያድርጉት። የማይሰማቸው ሲመስላቸው ከፍ ከማድረግ ይልቅ ትንሽ ይጠብቁ፤ ጆሮ ይለምዳል። ይህን የምልሽ አውቄ ነው።

ሌላም ያልጻፍሽልኝ አለ። ሰውየው ወደዚያ መጦሪያ ቤት ቢገቡ አንቺ የት ነው የምታድሪው?

እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ረዳ


ሮማ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ረዳ፣

በመጀመሪያ ይማሩኝ። ሁለተኛም ማርያም ትማረኝ፤ እንዴት ብለው አወቁብኝ?

እውነቱ እንዲህ ነው። ድፍኑን ኩፊያ ባደረጉ በስምንተኛው ቀን እኔ ገበያ ወጥቻለሁ። ሲኞራ ፓኦላ ከፊሬንዜ ትደውላለች። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። እሳቸው ከፊንላንዱ ሰውዬ ጋር ናቸው፣ ምንም አይሰሙም። ሞተዋል ብላ ባቡር ይዛ መጣች። እኔ ቀድሜ ገብቼ ቲማቲም እየከተፍኩ ነበር፤ በሩን በቁልፏ ከፍታ ሳሎን ስትገባ አባቷ በላብ ተጠምቀው ፈገግ ብለው ያዳምጣሉ። ጮኸች። እሷ ስትጮህም አልሰሟት፤ ትከሻቸውን ስትይዛቸው ነው የደነገጡት። ያኔ ኩፊያውን ነጥቃ ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ውባንቺ፣ ይሄን ማነው የገዛለት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን በሩን ዘግተው ነው የተነጋገሩት። ሲወጡ ውሳኔው እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆይ ተባለ። በዚያ ሰሞን የዓለም ራዲዮአማቶሬዎች ሁለት ቀን ሙሉ የሚወዳደሩበት ጨዋታ አለ፤ ሲኞር ኤቶሬ ሠላሳ ዓመት አምልጧቸው አያውቅም። «ይሄን ጨርሰህ ጆሮህ ከደማ፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ስልክ ካልመለስክ፣ ሬድዮው ይሸጣል፣ አንተም ከእኔ ጋር ወደምመርጠው ቤት ትሄዳለህ» አለቻቸው። እሳቸውም «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ።

የት ታድሪያለሽ ላሉኝ፣ የትም። የፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ማደሻ ጥር ላይ ነው፤ ሥራና አድራሻ የሌለው ሰው ደግሞ አይታደስለትም። ይህን ያልጻፍኩት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።

አሁን የደስታውን ልንገርዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ሲኞር ኤቶሬን መነጽራቸውን አስወልቄ ጆሯቸውን በመብራት አየሁት። የድሮው ጠባሳ ልክ የመነጽሩ ዘንግ ቅርጽ ነው! ኩፊያው ብቻ አልነበረም። ሱቁ ያው ልጅ ነበር፤ ገና ሲያየን ወንበሩን ራሱ አመጣላቸው። ወንፊት የመሰለውን ለወጠልን። በሁለት እጄ ሳነሳው ባዶ አየር የያዝኩ ነው የመሰለኝ። መነጽሩን ዘንገ ቀጭን አስደረግን። ሽፋኑን የሟች ሚስታቸው ከነበረ የጥጥ ትራስ ልብስ ሰፋሁት፤ እሳቸው ናቸው አውጥተው የሰጡኝ።

ትናንት ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ከወጥ ቤት ሆኜ «ሲኞር ኤቶሬ፣ ምሳ!» ስላቸው ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡልኝ። ሰሙኝ ጋሼ! አመሰግናለሁ ማለት ያንስብኛል።

አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ድምፁን ዝቅ ያድርጉ፣ አውቄ ነው የምለው» የሚለውን ሳነብላቸው ቀና አሉና «ይሄ ሰው ራሱ ይሰማል?» አሉኝ። ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ያመመዎት ምንዎን ነው?

ልጅዎ ውባንቺ


ደሴ፣ ኅዳር 1 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣

ደብዳቤሽ በአሥራ ስምንት ቀን ደረሰኝ፤ ፈጣን ነው። ይህም ከጨዋታው በፊት እንዲደርስሽ ዛሬውኑ እልካለሁ።

ለሁለቱ ቀን እንዲህ አድርጊ። ሃምሳ ደቂቃ ይሥሩ፣ አሥር ደቂቃ አውልቀው ይነሡ፤ ተቀምጠው ማውለቅ ዕረፍት አይባልም፣ መስኮት ድረስ ይራመዱ። የሚደውል ሰዓት አጠገብሽ ይኑር። እሳቸው «አንዴ ብቻ፣ ይቺን ጣቢያ ልጨርስ» ይሉሻል። አትስሚያቸው፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ። ሽፋኑን በየስድስት ሰዓቱ ለውጪው። ማታ ይተኙ። ማሸነፉን ትተው ሳይጎዱ መጨረሱን ያስቡ።

ስለ ጆሮዬ ጠይቀሻል። እኔ አንቺን እውነቱን ጻፊ ብዬ እኔ ልደብቅ አይገባም። ግራው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ቀኙ ደግሞ በነሐሴ ታመመና ከዚያ ወዲህ ይብሱን ደክሟል። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ደካማውን መርከብ ለመስማት ስል ለሃያ ስድስት ዓመት ድምፁን እስከ ጫፍ አወጣ ነበር። የወፍ ድምፅ ጠፍቷል። የሕፃንም የሴትም ድምፅ እንደ ነፋስ ሆኖብኛል። ወፍራም ወፍራሙ፣ የጭነት መኪናው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይሰማኛል። ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ ስለማልመልስ ኮርቶ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ሬድዮውን ከከፈትኩ ዓመት አለፈኝ።

የሻረግ አታውቅም። የምትለኝን ከከንፈሯ እያነበብኩ ነው የምኖረው። እንዳትነግሪያት። አርጅታለች፣ በእኔ አትጨነቅ።

ለሲኞር ኤቶሬ መልካም ጨዋታ በያቸው።

አጎትሽ ረዳ


ሮማ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ረዳ፣

የምሥራች! ግን ከምሥራቹ በፊት ኑዛዜ አለብኝ።

ደብዳቤዎን ስለ ጨዋታው ያለውን ብቻ ላነብላቸው ነበር። ስለ ጆሮዎ የጻፉት ጋ ስደርስ ገጹን ገለበጥኩ። «ምን ዘለልሽ?» አሉኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። ነገርኳቸው። «የትኞቹ ድምፆች ናቸው የቀሩለት?» ብለው ጠየቁኝና የጻፉትን እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። ምን እንደሆነ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚመጣውን ሲያዩ ይገባዎታል።

አሁን ጨዋታው። ሲኞራ ፓኦላ ዓርብ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሲጀመር ወንበር ይዛ እንደ ፖሊስ ከኋላቸው ተቀመጠች። ሰዓቱ በደወለ ቁጥር «አንዴ ብቻ፣ ይቺን ልጨርስ» አሉኝ፤ ልክ እንዳሉት! እኔም ልክ እንዳሉት አልሰማሁም፤ ኩፊያውን ከራሳቸው ላይ እያነሣሁ መስኮት ድረስ ወሰድኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፓኦላ ወጥ ቤት ገብታ በእጅ ስልኳ የቤቱን ስልክ ደወለች፣ ልትፈትናቸው። ገና አንድ ጊዜ ሲጮህ «ማነው?» አሉ።

እሑድ ኅዳር ጽዮን ነበር። ቤተ ክርስቲያን የመሄዱን ነገር ከልቤ አውጥቼ ነበር። ፓኦላ ነጠላዬን ወንበር ላይ ታጥፎ አየችው መሰለኝ፣ «ዛሬ በዓላችሁ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሂጂ። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ» አለችኝ። ሄጄ ስመለስ ምን አገኘሁ መሰለዎት? አባትየው ይመታሉ፣ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ የጣቢያዎቹን ስም እየጠሩላት ትጽፋለች። «ዝግ በል፣ አልደረስኩብህም» ትላቸዋለች።

ማታ ሲያበቃ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጣቢያ አግኝተዋል። ፓኦላ ተነሥታ መነጽራቸውን አወለቀች፤ ከጆሯቸው ጀርባ በጣቷ እየዳሰሰች ፈለገች። አንዱን ጆሮ፣ ከዚያ ሌላውን። «ኒየንቴ» አለች። ምንም የለም ማለቷ ነው። ከዚያ ግንባሯን አናታቸው ላይ ደፋች። ስለ መጦሪያ ቤት አልተነሣም። ጠዋት ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና «የፔርሜሶሽን ወረቀት በጥር እኔ ራሴ መጥቼ እፈርምልሻለሁ» አለችኝ። እርስዎ ነዎት ይህን ያደረጉት፤ እኔ ያልኩት ሳይሆን እሷ ያለችው ነው። «ያንን የደሴ ሐኪም አመስግኚልኝ» ብላለች።

ዕቃውን ዘመንፈስቅዱስ የሚባል የእኛ ሰው ይዞት ይገባል፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልክልዎታል። ውስጡ እንደ ሲኞር ኤቶሬ ያለ ኩፊያና አንድ ካሴት አለ። ኩፊያውን እሳቸው ሱቁ ሄደው ግማሽ ሰዓት አድርገውት ተቀምጠው ነው የመረጡት። ቴፑ ላይ ሰክተው ያዳምጡት።

ልጅዎ ውባንቺ


ደሴ፣ የካቲት 7 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣ በአንቺም በኩል ለወዳጄ ለሲኞር ኤቶሬ፣

ከሰማይና ከምድር በላይ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕቃው ሐሙስ ደረሰ። ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብን መጻፍ አልቻልኩም።

ማዳመጫውን አደረግሁት። ትራሱ ጆሮዬ ዙሪያ ሲያርፍ መኖሩንም አላወቅሁ። ሽፋን ሰፍተሽለታል፤ የእጅሽን ስፌት ዐወቅሁት። ካሴቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ መጣ። ውባንቺ፣ ሞርስ መጣ። ሲኞር ኤቶሬ ድምፁን ዝቅ፣ ወፍራም አድርገው ነው የቀዱት፤ ልክ የቀረችኝን ቦታ ፈልገው ያገኟት ያህል በቀኝ ጆሮዬ ጥርት ብሎ ገባ። ቀስ ብለው ነው የሚመቱት፣ እንደ ሽማግሌ ለሽማግሌ። ስሜን መቱ። ስማቸውን መቱ። ከዚያ ኦፕሬተር ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ፦ እንዴት እየሰማኸኝ ነው?

እጄ ጠረጴዛው ላይ በራሱ ተነሣ። በጣቴ መታሁላቸው፦ በጣም ደህና፣ በጣም ደህና። የሻረግ ከበሩ ቆማ ስታየኝ ነበር። ዓይኔ እየፈሰሰ ጣቴ ጠረጴዛ ይመታል። አብዷል ሳትል አትቀርም።

ከሞርሱ በኋላ የአንቺ ድምፅ መጣ። አንቺ መሆንሽን ዐወቅሁ፣ ቃሉን ግን አልለየሁትም። ካሴቱ ሲያልቅ የሻረግ አጠገቤ መጥታ፣ «ውባንቺ ምን አለች?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ ሰላም በሉልኝ ነው የምትለው» አልኳት።

ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አነሣችና መልሳ ከፈተችው፣ አዳመጠችም። ካወለቀችው በኋላ ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች።

«ሰላም በሉልኝ አላለችም» አለችኝ። «ጋሼ እባክዎ ጆሮዎን ለሐኪም ያሳዩ ነው የምትለው።»

የምገባበት ጠፋኝ።

«ረዳ፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሆነኝ ካወቅሁ» አለችኝ። «አልጋውን ከመስኮቱ በኩል ያዞርኩት ለምን መሰለህ? ብርድ አለ ያልኩህን አመንክ? በቀኝህ በኩል ልተኛ ብዬ ነው። ለየጎረቤቱ ፊት ለፊቱ ካልቆማችሁ አትጥሩት ብዬ ያልዞርኩበት ደጅ የለም። አንተ መደበቅ ከፈለግክ ብዬ ዝም አልኩህ።»

እኔ እሷን እንዳላስጨንቅ ስደብቃት፣ እሷም እኔን እንዳታሳፍር ስትደብቀኝ ሁለት ዓመት ኖረናል። ሰኞ አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን። ስለ ሁሉም ነገር፣ ስለጠየቅሽኝም ስለነገርሽብኝም፣ አመሰግንሻለሁ። ሲኞር ኤቶሬንም በሚያውቁት ቋንቋ አመስግኛቸዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ካሴቱን መልሼ ልኬዋለሁ፣ በጀርባው በማንኪያ ብርጭቆ እየመታሁ ቀድቼላቸዋለሁ። እጄ ዝጓል፤ ይታገሡኝ።

ከመላኬ በፊት ግን ትናንት ከሰዓት አንድ ጊዜ ደግመን ሰማነው። የሻረግ በቀኜ ተቀመጠችና የማዳመጫውን ሁለት ትራሶች ወደ ውጭ ገልብጣ በመካከላችን ያዘችው፤ አንዱን ለእኔ ጆሮ፣ አንዱን ለእሷ። ሞርስ አታውቅም። ሲኞር ኤቶሬ አንድ ፊደል በመቱ ቁጥር እኔ ጮክ ብዬ እነግራታለሁ። አንቺ ስትናገሪ ደግሞ እሷ እየደጋገመች ትነግረኛለች።

አጎትሽ ረዳ እና የሻረግ